ያልተከፈተው ቀይ ቁጥር

ስልክን ማንም ሳያስተምረኝ ከነሆድ ዕቃው የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ ግራ ሲገባው የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ስለ ስልክ ሲያወሩ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። አንደኛዋ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ሌላዋ የፋብሪካ ጋዋን የለበሰች ወጣት ናት።

«እማማ፣ ስልክዎ ላይ ቀይ ቁጥር አለ። መልእክት ገብቶልዎታል።»

«አውቃለሁ። ቤሩት ያለችው ልጄ ድምፅ ልካልኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ሦስት ሳምንት! መክፈቱ አስቸግሮዎት ነው?»

«ኧረ እችላለሁ። ካዳመጥኩት ግን ያልቅብኛል።»

«አያልቅም እኮ! መቶ ጊዜ ይሰሙታል።»

«አዲስነቱ ያልቃል። የፊተኛውን ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ያዝኩት። ይኼ ግን ገና ነው።»

«ቀይ እኮ ቶሎ በሉ ማለት ነው፣ እማማ።»

«ሂጂ እዚያ! እናንተ ፋብሪካ ማሽኑ ቀይ ሲያበራ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አቆመዋለሁ።»

«እኔም ቆምኩ ታዲያ።»

«ይቀልዳሉ! አሟት ቢሆንስ? ለሰላምታም ለክፉም ቀዩ ያው ነው፤ ስልኩ አይለይም።»

እናትየዋ መልእክቱን ከፍተው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ተመስገን! ታዲያ ምን አለችዎት?»

«‹እማዬ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል፤ ዛሬውኑ ላኪልኝ› ነው የምትለው።»

ያ «ዛሬ» ካለፈ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ሳስብ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬ አለፈኝ።