መጀመሪያ ለማን ይደወል?

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ዝናቡ ድንገት ወረደና መንገድ ዳር ካለ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የዐይንን ሥዕል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬያለሁ። ስለ ዐይን ግን ገና የሚቀረኝ ትምህርት እንደነበረ የገባኝ በዚያ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው።

እዚያ ቆመው ማኪያቶ የሚጠጡት ሁለት ሰዎች የማውቃቸው ነበሩ። አንደኛዋ እሪ በከንቱ ለብዙ ዓመት ጎረቤቴ የነበሩት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ የሺዓለም ናቸው። ሌላው ልጃቸው ሚናስ ነው። ሚናስ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መንግሥት አንድ አዲስ አሠራር አመጣ በተባለ ቁጥር በሰርጉም በለቅሶውም የሚያስረዳን እሱ ነው።

«መምህር! እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም።

«ዝናቡ ነው ያመጣኝ።»

«ማንም ያምጣዎት፣ ይፍረዱን።» ሲኒዎቹን ገፋ አድርገው ከፌስታል ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡና ዘረጉት። «ስሞት የዐይኔን ብሌን ለዐይን ባንክ ለመስጠት ቃል የገባሁበት ነው። እኔ ፈርሜያለሁ። ይህ የተማረ ልጄ ደግሞ የቤተሰብ ምስክር ሆኖ እዚህ ጋ መፈረም አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እስክሪብቶ ጠፋብኝ ይላል።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል» አለ ሚናስ ዞር ዞር እያለ።

«ይስማ! የሰረቅሁት ነገር የለም።»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌው እምቢ ይላል፣ ወጣቱ ይሰብካል። የዚያን ቀን ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘሁት። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና ጀመረ።

«መምህር፣ እኔ ሳይንስ ጠልቼ አይደለም፤ ያውቁኛል። እማዬ ሰባ ሊሞላት ነው። ያለ መነፅር መርፌ ውስጥ ክር አታስገባም። ይህን ዐይን ማን ይፈልገዋል?»

«ቅጹን የሰጠችኝን ነርስ ጠየቅኋት እኮ! መነፅር ማድረግ አይከለክልም አለችኝ። ዋሸችኝ እንዴ መምህር?»

«አልዋሸችዎትም» አልኩ። «ብሌኑ እንደ ሰዓት መስታወት ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ቢቀርም መስታወቱ ደኅና ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ያ መስታወት ነው።»

«ሰማህ?»

«እሺ፣ ይሁን» አለ ሚናስ፤ ድምፁ የስብሰባ ድምፅ እየሆነ። «የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ይህ የፖሊሲ ጉዳይ ነው። በአንድ ልብስ ሰፊ ቸርነት የሚፈታ ችግር አይደለም። መንግሥት ሕግ ያውጣ፤ በሕይወቱ ሳለ ያልተቃወመ ሁሉ እንደ ፈቀደ ይቆጠር፤ ሁሉም በዲጂታል መታወቂያው ላይ ይመዝገብ። ደግሞ ሰው ሠራሽ ብሌን ለመሥራት በየአገሩ እየተሞከረ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሞተ ሰው መንካት ላያስፈልግ ይችላል።»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«መንግሥት ሳይጠይቀኝ እንዲወስድ ሕግ ይውጣ ትላለህ። እኔ ሳልጠየቅ በገዛ እጄ ልስጥ ስል ግን ትከለክለኛለህ። ይህ እንዴት ያለ ፖሊሲ ነው?» አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቆማ መስማት ጀመረች። «ለመታወቂያው ጊዜ ማን ነበር እየጎተተ የወሰደኝ? የአሥር ጣቴን አሻራ አስነሣህ። ዐይንሽን ከፍተሽ ካሜራው ውስጥ እይ አልከኝ። የዐይኔን ፎቶ ለመንግሥት ስሰጥ ‹እማዬ ዘመነች› ብለህ ለቢሮህ ሁሉ አወራህ። ዛሬ ፎቶውን ሳይሆን ራሱን ልሰጥ ስል ኋላ ቀር ሆንኩብህ?»

አስተናጋጇ ሳቀች። ሚናስ ግን አልሳቀም።

«እሱ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ይህ ሥጋ ነው። አንቺ ራስሽ የምታምኚው ትንሣኤ አለ። ያለ ዐይን ልትነሺ ነው?»

«አሁን ደግሞ ቄስ ሆንክ! ቤተ ክርስቲያን ና ስልህ ኢንተርኔት አለብኝ የምትል!» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በጦር ሜዳ እግሩን ያጣው ወንድሜ በምን ሊቆም ነው? ከአፈር የሠራኝ ጌታ ለአንዲት ስስ ቆዳ ይቸገራል? ንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። ‹ስጪ› ነው ያሉኝ።»

ልጁ መልስ ባጣ ቁጥር ወደ ሌላ ምክንያት ይሻገር ነበር። በማስተማር ዘመኔ ያየሁት ነው፤ ተማሪ አምስት ምክንያት ከደረደረ እውነተኛው ስድስተኛው ነው። ስለዚህ፣ «ሚናስ፣ ፈርመህ ብትረሳውስ? ወረቀት አይደል?» ብዬ ነካ አደረግሁት።

የመለሱልኝ እናቱ ናቸው።

«ብቻውን እማ ዋጋ የለውም መምህር! ትልቁ ነገር ይኸው ነው። እኔ ስሞት ይህ ልጅ መጀመሪያ ለማን ይደውላል? ለእድሩ ነዋ! ጥሩምባ ይነፋል። ሴቶቹ ይገባሉ፣ ገላዬ ይታጠባል፣ እገነዛለሁ። ከተገነዝኩ በኋላ ማን ደፍሮ ይፈታኛል? ብሌኑ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተወሰደ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለዐይን ባንክ ነው። አብሮኝ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልደወለ እኔ የፈረምኩት መጠቅለያ ወረቀት ነው።»

ሚናስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ይሉኛል?» አለ ቀስ ብሎ።

«እነማን?»

«የእድሩ ሰዎች ናቸዋ። ሬሳሽ ሳይታጠብ መኪና መጥቶ ሁለት ሰዎች ሳጥን ይዘው ሲገቡ፣ ሲወጡ። ‹ሚናስ የእናቱን ዐይን ሸጠ› ይላሉ። መኪና በገዛሁ ጊዜ፣ ቤት ባሳደስኩ ጊዜ፣ ‹በእናቱ ዐይን ነው› ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ። አንቺ የለሽም፤ የምሰማው እኔ ነኝ።»

እኔ ብሌን መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው፣ የሚሰጠው በነፃ ነው ልለው ነበር፤ ነገር ግን ሐሜት ሕግ አንብቦ እንደማይነሣ አውቃለሁና ተውኩት።

«ይህን ነው ሁለት ሳምንት በሕግና በኮምፒውተር የሸፈንክብኝ?» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም፤ ቁጣቸው በረድ ብሎ። «ትብለጽን ታውቃታለህ አይደል?»

«አብራሽ የምትሰፋዋን?»

«እሷን። ሁለት ዓመት ጥቁር መነፅር አድርጋ በዳሰሳ ነበር የምትሰፋው። ጣቷን መርፌ ስንቴ ወጋት! ብሌኗ እየሾለ ሄዶ መነፅርም አልረዳትም። ዛሬ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋልኝ እሷ ናት።»

«ታከመች ብለሽኛል።»

«በምን የታከመች መሰለህ? ሐኪሙ እንደ ክር ከሱቅ ገዝቶ ያስገባላት መሰለህ? አንድ የማታውቀው ሰው ሞቶ ነው። የዚያ ሰው ልጅ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ስልክ አንሥቶ ደውሎ ነው።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ያንንም ልጅ ‹ሸጠ› ብለውት ይሆናል። ብለውታል። ግን ደወለ።»

ውጭ ዝናቡ አባርቶ ታክሲዎች መጣራት ጀምረዋል። ሚናስ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ለረጅም ጊዜ አየው።

«መምህር፣ እርስዎ ፈርመዋል?» አለኝ በድንገት።

አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ዐይን ያስተማርኩት ሰውዬ አልፈረምኩም ነበር። «አልፈረምኩም» አልኩ።

«ሦስት ቅጽ ነው የያዝኩት» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም ፌስታላቸውን እያንኮሻኮሹ። «ግን መጀመሪያ የእኔን ይፈርም!»

ሚናስ ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተቀብሎ ፈረመ። ቀጥሎም የዐይን ባንኩን ቁጥር ስልኩ ላይ መዘገበ። «ይህ አይበቃም» አለ። «በኋላ እንዳያሙኝ ዛሬ ይስሙኝ። ነገ የእድር ስብሰባ አለ አይደል? እኔ ነኝ የምናገረው።»

በማግሥቱ ሄድን። የእድራችን ሰዎች እሪ በከንቱ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ በየዳርቻው ተበትነዋል፤ ለስብሰባ ግን ዛሬም ከያሉበት ይመጣሉ። ሚናስ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«እናቴ ስትሞት መጀመሪያ የምደውለው ለእናንተ አይደለም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ምክንያቱን ተናገረ። ከኋላ አንዱ፣ «ስንት ይከፍሉሃል?» ሲል ጮኸ።

«አምስት ሳንቲም አይከፍሉኝም! አሁን በፊቴ ስለ ጠየቅከኝ ግን አመሰግንሃለሁ። ከቀብር በኋላ ከጀርባዬ ከምትጠይቅ ይሻላል። ሌላ የሚጠይቅ ካለ ይጠይቅ፤ እናቴም እዚሁ አለች፣ በሕይወት ሳለች እሷኑ ጠይቋት!»

ማንም አልጠየቀም። እኔም በመምህርነቴ ጥቂት ጨመርኩ። ከአንድ ሰው የሚገኘው ብሌን ለሁለት ሰዎች ብርሃን ይሆናል። ሟቹን የሚያጎድልበት ነገር የለም፤ በፊቱም ላይ ምልክት አይተውም። ያየ ሰው ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል፣ መሪ ሆኖለት ከትምህርት ቤት የቀረው ልጁ ይማርለታል። ሕግ ቢሻሻል መልካም ነው፤ ሰው ሠራሹም ሲመጣ እሰየው። እስከዚያ ግን በየቀኑ የምንቀብረው ነገር ሌላው በየቀኑ የሚጠብቀው ነው። ይህን ብዬ እኔም መፈረሜን ተናገርኩ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረዮሐንስ በቀብር ሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙ።

«ስንት ሰዓት ያቆዩናል?»

«ቤት ድረስ መጥተው ነው የሚወስዱት ጋሼ። ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም» አለ ሚናስ።

«ድንኳን ለመትከል እኛ ከዚያ በላይ ነው የምንፈጀው።» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «በወይዘሮ የሺዓለም ስም አጠገብ ጻፍ። ጥሩምባ የሚነፋው የዐይን ባንኩ ሰዎች ከወጡ በኋላ ነው። በመምህርም ስም እንዲሁ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ጻፈ። ሰዉ ወደ ሌላ አጀንዳ ሊሻገር ሲል ወይዘሮ የሺዓለም ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምንድን ነው የቀረዎት?» አሏቸው ጋሽ ገብረዮሐንስ።

«ያንብበው» አሉ። «የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብበው።»