የአቶ መንበሩ ጣት

ደሴ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሦስት ቀን ስልጠና ባለቀ ማግስት ጠዋት፤ የምግብ ምክር ቢሮ ያለው አቶ መንበሩ ሰርተፍኬቱን ሊወስድ መጥቶ ከአስተባባሪዋ ከሲስተር ከድጃ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል።

አቶ መንበሩ፦ ሦስት ቀን ሙሉ አስቀመጣችሁኝ፤ ዛሬ ደግሞ ለአንድ ወረቀት ታስቀምጪኛለሽ። ስጪኝና ልሂድ እንጂ ሲስተር።

ሲስተር ከድጃ፦ ወረቀቱማ ይኸው፤ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት። አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎትና ይወስዱታል።

አቶ መንበሩ፦ ቶሎ በይ። አርብ የሥራ ፈቃዴ ያበቃል። ያለዚህ ወረቀት አያድሱልኝም፤ ካልታደሰ ቢሮዬን ያሽጉታል። ይኼን አውቀሽ ጠይቂኝ።

ሲስተር ከድጃ፦ ስልጠናው እንዴት ነበር?

አቶ መንበሩ፦ እውነቱን ልንገርሽ? ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስመክር የኖርኩትን ሰውዬ፣ ትናንት የተመረቀ ልጅ ቆሞ ቅባት ቀንሱ ይለኛል። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ደግሞ ፈቃድ ለማሳደስ የስልጠና ነጥብ ሰብስቡ ትላላችሁ፤ ኳስ ጨዋታ አደረጋችሁት እንዴ? ጎመን እንደሆነ እኔ ስማርም ጎመን ነበር፣ ዛሬም ጎመን ነው።

ሲስተር ከድጃ፦ ጎመኑስ አልተለወጠም። ግን ያስተማሩት ልጅ አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ ሴት ሐኪም ናቸው።

አቶ መንበሩ፦ ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት።

ሲስተር ከድጃ፦ ከኋላ ሆነው ሲያዩዋቸው የትናንት ምሩቅ መሰሉዎት?

አቶ መንበሩ፦ ነገር አትፈልጊ። ስለ ስኳር በሽታ እያስተማራችሁ በሻይ ሰዓት ቦምቦሊኖ አቅርባችኋል። ካልነበርኩ ይኼን በምን አወቅኩት?

ሲስተር ከድጃ፦ እሷስ እውነት ናት፤ እኛም አፍረንባታል። እርስዎ ስንት በሉ?

አቶ መንበሩ፦ እኔ? አንድም አልነካሁ። ባለሙያ አይደለሁ?

ሲስተር ከድጃ፦ በስምዎ የፈረሙት አቶ መንበሩ ግን አራቱን እዚያው በልተው፣ አንዱን በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተዋል። ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት።

አቶ መንበሩ፦ እንግዲህ ርቦኝ ይሆናል። የሰው ጉርሻ ትቆጥሪያለሽ?

ሲስተር ከድጃ፦ ይሁን። በመጨረሻው ቀን ምን እንደሠራን ያስታውሳሉ?

አቶ መንበሩ፦ ያው... የተግባር ነገር ነበር።

ሲስተር ከድጃ፦ የተግባር ነገር ነበር። ሰልጣኝ ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጣት ወግቶ ስኳር ለካ። የአቶ መንበሩ ከአራት መቶ በላይ ወጣ፤ የጤነኛ ሰው ሁለት መቶ እንኳ አይደርስም። መለኪያው ተበላሽቷል ብለን በሌላ ደገምነው፤ ያው ሆነ።

አቶ መንበሩ፦ ከአራት መቶ በላይ?

ሲስተር ከድጃ፦ ለብቻቸው ልንነግራቸው አቶ መንበሩ ብለን ተጣራን፤ ዝም። ደግመን ተጣራን፤ እሳቸው ጣሪያ ያያሉ። ጎረቤታቸው በክርኑ ሲነካቸው ነው ብድግ ያሉት። ውስጥ እንፈልግዎታለን ስንላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብለው እንደወጡ ቀሩ።

አቶ መንበሩ፦ ታዲያ አትደውሉልኝም ነበር?

ሲስተር ከድጃ፦ ትናንት ስንደውል አልዋልንም? መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የእርስዎ ነው። ምነው አላነሱም?

አቶ መንበሩ፦ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሲስተር ከድጃ፦ ስልጠና ላይ አልነበሩም?

አቶ መንበሩ፦ እንግዲህ አጥብቀሽ ያዝሽኝ። እሺ፣ ስኳሩ የኔ ነው። ባለሙያ ነኝ፣ ራሴ እቆጣጠረዋለሁ። በይ ስጪኝ።

ሲስተር ከድጃ፦ እንግዲያው ጣትዎን ወዲህ ይበሉ። መለኪያው እዚሁ አለ፤ እንድገመው።

አቶ መንበሩ፦ ቁርስ በልቻለሁ።

ሲስተር ከድጃ፦ ከቁርስ በኋላም ይለካል። ስልጠናው ላይ ተምረነው ነበር።

አቶ መንበሩ፦ መርፌ አልወድም።

ሲስተር ከድጃ፦ አቶ መንበሩ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ወንበርዎ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን ነው? ሌላውን ተውት፤ እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ሰውዬው ታሟል፣ መታመሙንም አያውቅም።

አቶ መንበሩ፦ ማንም አልተቀመጠም። ደግሞ እኔ በጥርጣሬ የምታይ ሰው አይደለሁም። መናኸሪያው ፊት ለፊት የሰቀልኩትን ማስታወቂያ አላየሽም? የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አንዳርጌ። ድሮ በር አያሳልፈውም ነበር፤ ዛሬ ሸንበቆ አክሏል። በጥቂት ወር ውስጥ ነው በኔ ምክር እንዲያ የቀለለው። ይኼን የሠራን ሰው ነው ተቀመጥና ተማር የምትሉት።

ሲስተር ከድጃ፦ ከታክሲ ውስጥ በሩቁ አይቼዋለሁ፣ «በፊት» እና «አሁን» የሚለውን። ጠንካራ ሰው ነው ማለት ነው፤ ጎመን ብቻ እየበላ?

አቶ መንበሩ፦ ማን፣ አንዳርጌ? ያልኩትን አንድ ቀን አልሰማኝም። ከሥጋ ቤት ተነስቶ ኬክ ቤት ነው የሚገባው። ግን ምክር ምክር ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል።

ሲስተር ከድጃ፦ ምክርዎን ሳይሰማ፣ ከሥጋ ቤት ኬክ ቤት እየዞረ ከሳ?

አቶ መንበሩ፦ ከሳ። የሰው ሰውነት ይለያያል።

ሲስተር ከድጃ፦ የኛው አቶ መንበሩም ከሲታ ናቸው። ሱሪያቸው አልቆም ብሏቸው ቀበቶአቸውን በምስማር በስተውታል። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዘው ገብተው የጎረቤታቸውንም ጨመሩ፤ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። እኛ የስኳር በሽታ ምልክቶች እያልን ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ፣ ምልክቱ ራሱ ከኋላ ወንበር እየተነሳ ሲወጣ ሲገባ ነበር። ጣታቸው እስኪወጋ ድረስ እኛም አላየንም። የተማርነውም እንዲህ ነን።

አቶ መንበሩ፦ ቀበቶው... ምን ዓይነት ቀበቶ ነው?

ሲስተር ከድጃ፦ ቡናማ። መቆለፊያው ላይ የአንበሳ ራስ አለበት።

አቶ መንበሩ፦ እኔ ነኝ የገዛሁለት።

ሲስተር ከድጃ፦ ለማን?

አቶ መንበሩ፦ ለፎቶው። የድሮ ቀበቶው ሰፍቶት አላምር አለኝ። ይኼኛው በልኩ ነበር እኮ፤ ምን ሆኖ ነው የበሳው?

ሲስተር ከድጃ፦ ያ ረቢ። ወንድምዎን ነው የላኩት?

አቶ መንበሩ፦ እንመሳሰላለን፤ ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው። ባለፈው እናታችን ልጄ ከሳብኝ፣ ሌሊት ሌሊት ውሃ ሲቀዳ እሰማዋለሁ ብላ ስታለቅስ፣ አንቺ ወፍራም ስለለመድሽ ነው ብዬ ሳቅኩባት። ማስታወቂያውን ወስጄ አሳየኋት። ሃያ ዓመት ሰው ስመክር ኖሬ፣ የናቴ ዓይን ያየውን የኔ አላየም።

ሲስተር ከድጃ፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

አቶ መንበሩ፦ ተይ ሲስተር፣ አሁን አትዘብችብኝ።

ሲስተር ከድጃ፦ አሁንስ አልዘበትኩም። በዚህ ቁጥር የሚሄድ ሰው ድንገት ይወድቃል። ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አሁን የት ነው ያለው?

አቶ መንበሩ፦ ማታ መልእክት ላከልኝ። ነቅተውብኛል፣ ደክሞኛል፣ ልተኛበት፣ አትደውልልኝ አለ። እኔም አልደወልኩም። ስለ ሰርተፍኬቱ ነበር ያሰብኩት።

ሲስተር ከድጃ፦ እንግዲህ ሁለት ወረቀት ይዣለሁ፤ አንዱ ሰርተፍኬት፣ አንዱ የምርመራ ውጤት። ሁለቱም ላይ መንበሩ ይላል። ስኳሩ የእርስዎ ነው ካሉ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፤ ከዚህ በኋላ የማውቀው ነገር የለም። የወንድምዎ ነው ካሉ ውጤቱን በስሙ አስተካክዬ ለሐኪም እጽፍለታለሁ። ያን ጊዜ ግን ሰርተፍኬቱ እዚሁ ይቀራል።

አቶ መንበሩ፦ አርብ እኮ ቢሮዬ ይዘጋል። ደንበኞቼ ምን ይላሉ? ማስታወቂያውስ መንገድ ላይ ተሰቅሎ...

ሲስተር ከድጃ፦ ማስታወቂያውን አያውርዱት። ለሚቀጥሉት ሰልጣኞች እናሳይበታለን። የስኳር በሽታን ምልክት እንዲህ በትልቁ አሳትሞ የሰቀለልን ሰው እስካሁን አላገኘንም።

አቶ መንበሩ፦ ይገባኛል። ከዚህም በላይ ይገባኛል።

ሲስተር ከድጃ፦ ታዲያ ማን ብዬ ልጻፍ?

አቶ መንበሩ፦ አንዳርጌ ብለሽ ጻፊ። ስልክሽንም አውሺኝ፤ የኔን ቁጥር ካየ ደግሞ ስልጠና ሊልከኝ ነው ብሎ አያነሳም።