ከየት እንደጀመርክ አሳያት

ከመጋላ ወደ ከዚራ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጭኑ ላይ ያለው ላፕቶፕ «ጢጥ» ሲል ብቻውን ሳቀ። በወዲያ በኩል የተቀመጠችው ሴት ዞር አለች።

«ምን አገኘህ አንተ?»

«አቦ ድምፅ አወጣልኝ፣ እናቴ! ስንት ቀን ዝም ብሎኝ ነበር።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«አይ፣ የድምፅ ፕሮግራም መሥራት እየተማርኩ ነው። ጆሮው ለደከመ ሰው ንግግር የሚያጎላ፣ ጫጫታውን የሚቀንስ።»

«ከባድ አይደለም?»

«መነሻውን ሌሎች ሠርተው በነፃ አስቀምጠውታል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። አውርጄ የራሴን እጨምርበታለሁ።»

«በነፃ? ወላሂ በል?»

«ወላሂ።»

ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች።

«ሴት ልጅ አለችኝ። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ሲዞር ከንፈሩን ስለማታይ የሚለው ሁሉ ያመልጣታል።»

«ስጨርስ ኢንሻአላህ ለእሷም እሰጣታለሁ። ግን ገና ነኝ፤ እስካሁን ያወጣሁት ይቺን ጢጥ ብቻ ነው።»

«አንተ እስክትጨርስ እሷ ለምን ትጠብቅ? ኮምፒውተር ትወዳለች። ከየት እንደጀመርክ ብቻ አሳያት።»

«እሷ ራሷ ልትሠራው?»

«የቱ ድምፅ እንደሚያመልጣት ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?»

ወጣቱ ላፕቶፑን ከደነና ስልኩን አወጣ።

«ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ እናቴ።»

መውረጃዬ ጋ ደርሰን ነበር፤ ቁጥሩን ነግራው እስክትጨርስ ግን ባጃጁን አላስቆምኩም።