እስክታገባ ድረስ

(አዳማ፣ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ቢሮ። ባሏ መርዕድ ከሞተ ሁለት ዓመት ያለፋት መምህርት ፀዳለ፣ የባሏ ወዳጅና የሕክምና ክፍያ ኃላፊ ከሆነው ከአቶ ሲራክ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።)

ፀዳለ፦ አልቀመጥም። መድኃኒቴ ለምን እንደታገደ ይንገሩኝና ልሂድ።

አቶ ሲራክ፦ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ይረጋጉ እንጂ። የታገደው ሆርሞኑ ብቻ ነው። ሌላውን ሕክምና እንደ ድሮው ያገኛሉ።

ፀዳለ፦ ዛሬ አንቱ ሆንኩ?

አቶ ሲራክ፦ ቢሮ ነው።

ፀዳለ፦ መርዕድ በሕይወት ሳለ ይኸንኑ መድኃኒት ስትከፍሉ ነበር። ምን ተለወጠ?

አቶ ሲራክ፦ ያኔ ባል ነበረዎት። አሁን የመርዕድ መሥሪያ ቤት ውል የሚሸፍንዎት እስኪያገቡ ድረስ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የሴት ሆርሞን ስትወስድ፣ ኮሚቴው «ለማን ብላ?» አለ።

ፀዳለ፦ ለማን ብላ!

አቶ ሲራክ፦ ለመውለድ እየተዘጋጀች ነው፤ በድብቅ ሳታገባ አትቀርም ተባለ። የኛ ሥራ እንደሚያውቁት ነው፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ፀዳለ፦ ገንፎ ለአራስ ነው የሚገነፋው፣ ጋሽ ሲራክ። እኔ ቤት ተገንፍቶ አያውቅም።

አቶ ሲራክ፦ ወሬውን እኔ አላመጣሁትም።

ፀዳለ፦ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እርስዎ ምን ጨመሩበት?

አቶ ሲራክ፦ መላማ አለኝ። እንዳላገቡ የንስሐ አባትዎ ቢመሰክሩ ይበቃል።

ፀዳለ፦ የንስሐ አባቴ ስለ አጥንቴ ምን ያውቃሉ? ይህን መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ደረጃ ላይ አዳልጦኝ እጄ ተሰበረ። ሐኪሙ «የአሮጊት አጥንት ነው» አለኝ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከታገደ ወዲህ ደግሞ በላብ ርሼ እነቃለሁ፤ ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ይዤ የምጽፈው ይጠፋኛል።

አቶ ሲራክ፦ ለአጥንት ነው እንዴ? እኔማ የመሰለኝ...

ፀዳለ፦ ምን መሰለዎት?

አቶ ሲራክ፦ አምና ሽማግሌ ስልክብሽ «መርዕድን ገና ቀብሬ አልጨረስኩም» ብለሽ መለስሻቸው። ትንሽ ቆይቶ የሆርሞኑ ማዘዣ ታድሶ እኔው ጠረጴዛ ላይ መጣ። እኔን እምቢ ብላ ለሌላ ልትሆን ነው አልኩ።

ፀዳለ፦ አሁን አንቺ ሆንኩ። ለካ ኮሚቴው እርስዎ ኖረዋል።

አቶ ሲራክ፦ ፀዳለ...

ፀዳለ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ባለቤቱ አፈር ውስጥ ነው፤ እንግዲህ ይነቅንቁት።

አቶ ሲራክ፦ እንዲህ አትበይኝ። መርዕድ ወንድሜ ነበር። በልብሽ ያለውን ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ፀዳለ፦ ሽማግሌዎችዎ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? «ሲራክ ሚስቱ ሳትወልድለት ሞተችበት፤ ልጅ ይሻል» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዕጢ ወጥቶብኝ ማኅፀኔንም እንቁላል ማፍሪያዬንም አውጥተውታል፤ ኪኒኑ ሰውነቴ ያጣውን ለመተካት ነው ልበል? ጋቢ ለብሰው ለተደረደሩ አባቶች?

አቶ ሲራክ፦ አላወቅሁም። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም።

ፀዳለ፦ እንዲታወቅ አልፈለግሁማ። መርዕድ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ነው የሄደው። «እግዜር ልጅ የነሳው እኔን ነው» ይላቸው ነበር።

አቶ ሲራክ፦ በቀዶ ጥገና የመጣ ማረጥ ከሆነ ውሉ ይሸፍነዋል። እገዳውን አንስቻለሁ፤ ዛሬውኑ ከፋርማሲ ውሰጂ። የነገርሽኝም ከዚህ ክፍል አይወጣም።

ፀዳለ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

አቶ ሲራክ፦ ቆዪ አንዴ... ሽማግሌዎቹን መልሼ ብልካቸውስ? ልጁ ይቅርብኝ።

ፀዳለ፦ ደግ ነዎት፣ ጋሽ ሲራክ። መርዕድ ግን ምንም የቀረበት ሳይመስለው፣ አንድም ቀን «ይቅርብኝ» ሳይለኝ ነው የሞተው።