የብርቱካን ሶፋ

ሐርጌሳ ውስጥ አርብ አርብ ለአገሬ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም አስተምራለሁ። ሰው ቤት የምትሠራው ብርቱካን ታዲያ ቲክቶኳን የሞላችው የአሠሪዋ ሶፋ ላይ የራሷ አስመስላ እየተንፈላሰሰች ነው። "ለሰው የሚጠቅም ቪዲዮ ልቀቁ" ብዬ የቤት ሥራ ብሰጥ፣ በሳምንቱ ያንኑ ሶፋ ስትወለውል የሚያሳይ ለቃ መጣች። "ሶፋውም መወልወያውም የአሠሪዬ ነው፤ የኔ ጉልበቱ ብቻ ነው። ደላላ አምናችሁ ከአገር እንዳትወጡ!" ትላለች። ደስ ብሎኝ ገና ሳስጨበጭብላት ስልኳ ጠራ፤ አገር ቤት ያለችው ታናሽ እህቷ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁላችንም አሰማችን።

"እታለም፣ ቪዲዮሽን አየሁት። ከደላላው ጋር ነገ ልነሳ ነበር፤ ቀረሁ።"

ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

"ግን ሶፋው ያንቺ ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራችው እማዬ ናት። ለእሷ አንቺው ንገሪያት!"

ብርቱካን ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ለእናትስ ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው የሚለቀቀው?"