ወጥቶ የሚመለሰው ፈረስ

ከተክለ ሃይማኖት በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ስልካቸው ላይ ቼዝ ይጫወታሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ አላስቀምጥ አላቸው፤ የሰው ስልክ ማየት አመሉ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ከሱቅ ጎረቤቴ ጋር። በቴሌግራም እንላላካለን።»

«ግድግዳ ለግድግዳ ሆናችሁ?»

«ተኳርፈናል። ከዚህ ሌላ አንነጋገርም።»

«ገና መክፈቻው ላይ ናችሁ እኮ። ፈረስዎን ያወጡታል፣ መልሰው ያስገቡታል።»

«እሱም እንደዚያው ነው የሚያደርገው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

«ወታደር ይግፉና ይግጠሙት እንጂ። እንዲህ ማን ያሸንፋል?»

«ማሸነፉስ አያቅተኝም። ካሸነፍኩት በኋላ ምን ብዬ እጽፍለታለሁ?»

«ታዲያ ለምን አትታረቁም?»

«እርቁን እሱ ይጀምር።»

«ቼዙንስ ማን ጀመረው?»

«እኔ።»

እኔም ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍኩ ቆይቻለሁ፤ ራጉኤል ስንደርስ ስልኬን አውጥቼ ስሙን ፊደል በፊደል አነበብኩና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።