ሰው ያለው ወንበር

ኢሊሊዬ፣ ብቻሽን አትልፊ፣ ወንበሩን አብረን እንደራርበው። አምስት አምስት አድርጊው፤ ከዚያ ካለፈ ይጣበቅና እሑድ ጠዋት የሚያላቅቀው ሰው ይጠፋል። እንዴት ነሽ ግን? እናትሽ ደኅና ናቸው? ዛሬ ኳየሩ ደስ ሲል… ሁለተኛው መዝሙር ላይ ታች ያለው ጎሚስታ የጎማ መንፊያውን ባያስነሳብን ኖሮ አለቅስ ነበር። ምን ይደረግ፣ ከጎማ ቤት በላይ አዳራሽ የተከራየ ሰው ይለምደዋል። አየር ጤና ሰፈርስ መቼ ጸጥ ብሎ ያውቃል?

ፓስተር ቢሮ ውስጥ ሰው አለ እንዴ? መብራቱ በርቷል። ረስተውት ይሆናል፣ ይሁን። ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ ነው የጠየቅሁሽ፣ ሁሉን ያሰማል። እኔ እንደሆንኩ የምደብቀው የለኝም። ዋጋነሽ ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ ግን ሐሜት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ሐሜት ኃጢአት ነው። እኔ የምሰጠው ምስክርነት ነው።

ስለ አንድ የእግዚአብሔር ሰው ነው የምመሰክረው። ስም አልጠራም፤ በሰው ፊት ካመሰገንኳቸው የሰማዩ ዋጋቸው እንዳይቀንስባቸው ፈራሁ። ብቻ ፓስተር ናቸው። መንጋቸው ትንሽ ናት፤ ብትቆጥሪን… ብትቆጥሪያቸው ማለቴ ነው፣ ስልሳ ሁለት ነፍስ። ከስልሳ ሁለት አንድ ቢረሱ ማን ይፈርድባቸዋል? ስለዚያ አንዲት በግ ጠፍታበት ሌሎቹን ሁሉ ትቶ ፍለጋ ስለወጣው እረኛ ስንቴ ሰብከዋል። ሲሰብኩት ደግሞ እንባቸው ይመጣል። ያ እረኛ ግን ቴሌግራም አልነበረውም።

እኔ ከድሮም አደንቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ለሰበኩበት ቀን የለበሱትን ሱሪ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ በዚያችው የስፌት መኪናዬ። አራት ጣት ረዝሞባቸው ነበር። የገዛላቸው ማን መሰለሽ? ጋሽ ያደሳ። አንቺ አልተወለድሽም መሰለኝ፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የጋሽ ያደሳ ሳሎን ነበረች። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አሥራ አንድ ሰው፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። እጃቸውን ጭነው የጸለዩላቸውም ጋሽ ያደሳ ናቸው፤ "ይሄ ልጅ ሕዝብ ይጎበኛል" አሉ። የጋሽ ያደሳ ቃል መሬት ጠብ አይልም። ይኸው ስንቱ ሕዝብ ተጎበኘ? ባለፈው ወር ብቻ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ። ዓለም ባንክ ብቻ ነው የቀራቸው። ያው እሱ ሩቅ ነው… ከዚህ በታክሲ አሥር ደቂቃ።

ጋሽ ያደሳ ከተኙ አሥራ አንድ ሳምንት ሆናቸው። ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ። ልጃቸው ሌሊሴ አልጋውን ሳሎን አውጥታላቸዋለች፣ በዚያው በጀመርንበት ሳሎን። አጠገባቸው አንድ የእንጨት ወንበር አለ። ማንም አይቀመጥበትም። እኔ እንኳን ስሄድ በርጩማ ነው የሚሰጡኝ፣ ከዚህ ወገቤ ጋር።

ባለፈው የጎረቤታቸው የእሙ ንስሐ አባት መጡ። እኒያን ሽማግሌ ቄስ ታውቂያቸዋለሽ፣ ከዘራ የሚይዙትን። የመጡት እሙን ሊጠይቁ ነው፤ ወዲያኛው ግቢ ሰው ታሟል ሲባሉ ጎራ አሉ። የኛ ሃይማኖት አይደሉ፣ ማን ያስገድዳቸዋል? ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ ያደሳ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? "ይቅርታ አባ፣ እሱ ሰው አለው።" ቄሱም አልተቀየሙ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። እኔ አዘንኩላቸው። በዚህ ዘመን በእግር?

የኛ… እኒያ የምልሽ ሰው ግን ዘመናዊ ናቸው። ድምፃቸውን ይልካሉ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ለጋሽ ያደሳ ቮይስ ላኩላቸው። ሌሊሴ ስልኩን ጆሯቸው ጋ ስታደርግላቸው ጋሽ ያደሳ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጸሎት ነዋ። ድምፁ ምን አለ? "እህቴ፣ ጌታ ማህፀንሽን ይክፈት፤ የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ ወንድ ልጅ ትታቀፊያለሽ።" አትሳቂ ኢሊሊ። ሰውዬው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እሳቸው አልሳቁም፤ ፓስተር የጸለየው አይመለስም ብለው "አሜን" አሉ። እኔ በነጋታው ሄጄ "ስንተኛ ወርዎ ነው?" ስላቸው ነው ሳቅ የጀመሩት። ሲስቁ ደግሞ ያስላቸዋል።

ለካ ጸሎቱ የሃና ነው። ያቺ ከፋሲካ በኋላ ያገባችው። ሁለቱን ቮይስ ሲልኩ አቀያይረውት ነው። ማንም ይሳሳታል። ታሞ የተኛ ሽማግሌና ልጅ የናፈቃት ሙሽራ… ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ምን ይለያቸዋል? ሃናስ ምን ደረሳት መሰለሽ? "አባቴ፣ ሩጫህን ጨርሰሃል፤ ጌታ በሰላም ይቀበልህ።" ልጅቷ ባሏን ጠርታ እሪ አለች። ከዚያ ስልኩን ይዛ ስፌት ቤቴ ድረስ መጣች።

እሱ አላሳቀኝም። እስከዚያ ቀን እኔ ሞኟ ምን እል ነበር? እኒያ ሰው ጋሽ ያደሳ እንዲህ እንደጸናባቸው አልሰሙም እል ነበር። ቢያውቁ ይመጡ ነበር እል ነበር። ለሌሊሴም እንደዚያው ነው የነገርኳት። ለካ ያውቃሉ። እኛ ገና ስናስታምም እሳቸው ሸኝተው ጨርሰዋል። ይሄ ጸጋ ካልሆነ ምንድነው? ሌላው ፓስተር የታመመውን ካላየ መጸለይ ያቅተዋል፤ እሳቸው ሳያዩ ይችላሉ። በጣም ነው የተናደድኩት… የተደነቅሁት ማለቴ ነው።

ምን ነበር የተንኳኳው? ወንበር ተጎተተ? ጎሚስታው ነው። ቢሮው ውስጥማ ሰው የለም፤ ሰው ቢኖር እስካሁን ይወጣ ነበር።

እና ያልነገርኩሽ፣ ሁለቱም ቮይስ ላይ መጨረሻው ጋ የታክሲ ረዳት አለ። "ዓለም ባንክ፣ ወራጅ አለ?" ይላል። ትጋታቸውን አየሽ? ታክሲ ውስጥ ሆነው ነው የጸለዩት፣ እዚያው ጋሽ ያደሳ ሰፈር ላይ ሲደርሱ። መውረድ ጊዜ ይፈጃል እኮ። ጋሽ ያደሳ ደግሞ የማህፀኑን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፣ የሰሙት ረዳቱን ነው። "ሌሊሴ፣ ደርሷል፣ እየወረደ ነው። በሩን ክፈቺለት" አሏት። አንገታቸውን ቀና አድርጋ ትራስ ደረበችላቸው፣ ጋቢያቸውን አስተካከለች። የግቢው በር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ዋለ። የጎረቤት በግ ገብታ የሌሊሴን ጎመን ጨረሰችው። በጓ እንኳን… ተይው፣ በግ ምን ታውቃለች።

በይ ቦርሳዬን አቀብይኝ። እኔ ከዚህ ቀጥታ ወደዚያው ነኝ። ታክሲው ታች በር ላይ ነው የሚጭነው፣ እስኪሞላ ይቆማል፣ ከኋላ ሁለት ቦታ እይዛለሁ። ብቻዬን ሁለት ቦታ ምን ያደርግልኛል? እንጃ፣ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ። ጠዋት ጋሽ ያደሳ መናገር ከብዷቸው ነበር አለች ሌሊሴ። ወንበሩን ግን በዓይናቸው አሳዩአት፣ አቧራውን ጠረገችላቸው።

ሳልጸልይማ አልወጣም። ነይ እጅሽን ስጪኝ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን ያልጠራሁትን ሰው አንተ ታውቃቸዋለህ። አገልግሎታቸውን ባርክ። ዕድሜያቸውን አርዝምላቸው፤ እንደ ጋሽ ያደሳ ሰባ ዘጠኝ ይድረሱ። አልጋቸው ይመቻቸው፣ ልጅ አይጡ፣ ትራስ የሚደርብላቸው አይጡ፣ አጠገባቸውም ጥሩ ወንበር ይኑር። በዚያን ጊዜ ጌታ ሆይ… ልክ እንደ እሳቸው ያለ ፓስተር ስጣቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ኢሊሊ።